አልጋው ጫፍ ላይ አትቀመጪ!

ዛሬ ልትጠይቀኝ የመጣች ጎረቤቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ልትቀመጥ ስትል ጮህኩባት። ምስኪን፣ የያዘችውን ጋዓት፣ ያንን ትኩስ ገንፎ፣ ከነሳህኑ ልትጥለው ነበር።

ትናንት የተከተብኩት ክንዴ ያመመኝ መሰላት። ክንዴስ ደህና ነው። ብርድ ልብሱ ስር ግን የዳንቴል መርፌዬ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ እኛ የአስመራ ልጆች በአማርኛ መማር በጀመርንበት ዘመን፣ ትምህርት ቤት የፈንጣጣ ክትባት ተወጋሁ። አተኮሰኝና ቤት ዋልኩ። ደስታዬ! በሰፈራችን በዓባ ሻውል ጸጥ ባለ ቤት ዳንቴል መሥራት ሎተሪ ከማሸነፍ አይተናነስም።

ጸጥታው ግን አልቆየም። ሰፈሩ በሙሉ ሊጠይቀኝ መጣ። እጇ እየሠራ የተኛች ልጅ ደግሞ በእኛ ሰፈር ሥራ የሸሸች እንጂ የታመመች አትባልም። ስለዚህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ዳንቴሉን ከነመርፌው ብርድ ልብሱ ስር ደብቄ አቃስታለሁ።

እማማ ለማለት አደይ የምንላቸው ለተብርሃን መጡ። ከታቢዎች ሲመጡ ኩሽና ተደብቀው የሚያመልጡ ጎረቤታችን ናቸው።

«እኔን ማን አባቱ ይወጋኛል!» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ።

«ወይለይ!» ብለው ሲነሱ ጣሪያውን በጭንቅላታቸው ሊመቱት ምንም አልቀራቸውም።

በማግስቱ እሳቸው ተኙ፤ በሆዳቸው። ጠያቂ ሁሉ ምን ነካዎት ሲላቸው «ተከትቤ ነው» ይሉ ነበር። የት እንደተከተቡ የጠየቃቸው ግን የለም።

እናንተስ፣ ጠያቂ ሲመጣ ብርድ ልብስ ስር ምን ደብቃችሁ ታውቃላችሁ? ማን ተቀመጠበት?