የአረፋ ዋዜማዋ ሕፃን

የሕብረተሰብ ጤና ተምሬ በተመረቅሁ ሰሞን በክትባት ዘመቻ መዝጋቢ ሆኜ ከወልዲያ ወደ ሀብሩ ወረድሁ። ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአንዲት ጤና ኬላ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። የምትከትበው በዕድሜ የምትበልጠኝ ነርስ ነበረች። የእኔ ሥራ የልጁን ዕድሜ ጠይቄ የትኛው ክትባት እንደሚገባው መንገር ነው።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ግን እዚያ አካባቢ የልደት ቀን የሚታሰበው በበዓል ነው፦ «በመስቀል ማግስት»፣ «ለመውሊድ ሦስት ቀን ሲቀረው»። እኔም እቤታችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በዓላቱን በሙሉ ገልብጬ መዝገቡ ሽፋን ላይ ለጠፍኳቸው። በጥንቃቄዬ ኮርቼ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጇን እየጎተተች መጣች። የሁለቱም አፍንጫ ይፈሳል።

«ለሁለቱም ያንኑ የጉንፋን መርፌ ውጉልኝና ልገላገል» አለች።

ነርሷ ሳቀች። «የጉንፋኑ እኛ ዘንድ የለም እቱ። ክትባት ደግሞ እንደ ነጠላ ሁሉም የሚለብሰው አይደለም፤ በዕድሜ ልክ ነው።»

የትልቋ ካርድ ሙሉ ነው። የሕፃኗን ካርድ ግን አይጥ በልቶታል። የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ወስዳለች፤ የቀራት የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ነው።

«መቼ ተወለደች?» አልኩ፣ መዝገቡ ላይ አቀርቅሬ።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ እንጂ አንች ልጅ!»

ደገምኩላት።

«በአረፋ ዋዜማ፤ በጉም እየጮኸ፣ እኔም እየጮህኩ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ወረቀቴን አይቼ ቆጠርኩ፤ ለዘጠኝ ወር አንድ ሳምንት ይጎድላታል። በሚቀጥለው ሳምንት እንድትመለስ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። ዛሬውኑ ወደ ባሏ አገር ወደ ቆላው ልትወርድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ኩፍኝ ገብቷል ይባላል።

«እንግዲህ አላህ ይጠብቃት» ብላ ልጇን አዝላ ወጣች። ሕግ ሕግ ነው ብዬ ወደ መዝገቤ ተመለስኩ።

ቀጥለው የቀረቡት የልጅ ልጃቸውን የታቀፉ አሮጊት ነበሩ። «ይኸም የአረፋ ዋዜማ ነው» አሉ። «ካሁኗ ሕፃን ጋር ባንድ ቀን ናቸው፤ ጎረቤታሞች ነን። የሱ እናት ግን ሐኪም ቤት ስለወለደች ቀኑ የተጻፈበት ካርድ አለው።»

ካርዱን አየሁ። የተጻፈው ቀን ከእኔ ወረቀት በዐሥራ አንድ ቀን ይቀድማል። በካርዱ ከሄድን ልጁ ዘጠኝ ወር አልፎታል።

«እማማ፣ የእኔ ወረቀት ሌላ ቀን ነው የሚለው…»

«የመቼ ዓመት ወረቀት ነው ልጄ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የካቻምናው ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ የተወለዱት አምና ነው! መስቀልና ጥምቀት ከዓመት ዓመት ስለማይነቃነቁ ልብ አላልኩም።

«አረፋ እኮ እንደ መስቀል ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም» አሉ አሮጊቷ እየሳቁ። «በየዓመቱ ዐሥርም ዐሥራ አንድም ቀን ይቀድማል። አብሽሪ፤ ይልቅ ሩጭ!»

ሮጥኩ። እናትዮዋ መታጠፊያው ላይ ባጃጅ ውስጥ ገብታለች፤ ሞተሩ ተነሥቷል። ዩኒቨርሲቲ ስማር ጥያቄ ለመጠየቅ እጄን ያነሣሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

«የሕፃኗ እናት! ተመለሽ፣ ደርሶላታል!»

ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ባጃጁ ግን መንቀሳቀስ ጀመረ። መንገድ ዳር ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ተቀበሉኝ። «አንች! የአረፋዋ! ትጠሪያለሽ!» እየተባባሉ ጩኸቱን ከአንዷ ወደ ሌላዋ አሻገሩት። መጨረሻ ላይ ያለችው ባጃጁ ፊት ቆመች።

እናትዮዋ ወርዳ አየችኝ። «ሳምንቱ በዐሥር ደቂቃ አለቀ?»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ ማንጎ ሻጮቹ ሁሉ እየሰሙ። «የሌላ ዓመት አረፋ ነው የቆጠርኩት።»

«ወላሂ፣ ይህን ጉሮሮ ይዘሽ ነው ቅድም ስታንሾካሽኪ የነበረው?» ብላ ሳቀችና ልጇን አውርዳ እኔው አሳቀፈችኝ።

ነርሷ ከተበቻት። ሕፃኗ ጮኸች፤ ማንም ያልነካት ታላቋም አብራ ጮኸች። አዲስ ካርድ ጻፍኩላቸው። ከዚያም ወረቀቴን ቀድጄ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ፈተሽኩ፤ ከትናንቶቹ አንድ ሌላ ሕፃን እንዲሁ ሳይከተብ ተመልሷል፤ ከነርሷ ጋር ቤቱን አፈላልገን ከሰዓት አስከተብነው።

ተከትበው ባጃጁ ይዟቸው ሲሄድ የሁለቱ እኅትማማቾች ለቅሶ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይሰማ ነበር። የልጅ ለቅሶ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።