የተኳሿ ቤት ትኩሳት

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ተኳሽ ነኝ» ትላለች፤ ሰውየው ክው ሲል ደስ ይላታል። ትንሽ ካስጨነቀችው በኋላ «አንሶላ ነው የምተኩሰው፣ አይዞህ» ትለዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚሁ ቀልድ ሰው ስታስደነግጥ፣ እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልወድ ስስቅ ኖርን።

እኔ ጠጋኝ ነኝ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፤ እሷ ከካውያዋ ጋር፣ እኔ ከስፌት መኪናዬ ጋር ፊት ለፊት እንውላለን። የተቀደደውን እጠግናለሁ፣ የየክፍሉን ምልክት ጠርዙ ላይ በክር እሰፋለሁ። የሕሙማን ክፍል በሰማያዊ፣ የቀዶ ሕክምና በቀይ። ቀይ ክር ያለበት አንሶላ ሲመጣላት በሁለት ጣቷ ጫፍ ነበር የምታነሳው። መጀመሪያ ሳያት ሥራ መናቅ መስሎኝ ተናድጄ ነበር።

ኋላ ራሷ ነገረችኝ። አባቷ የተሰበረ እግሩን ሊያስጠግን ቀዶ ክፍል ገብቶ አልወጣም። ወንድሟ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ለቶንሲል ብሎ በእግሩ ሄዶ፣ በዚያው ቀረ። «ስስመው ፊቱ ይፋጃል፤ ከዚህ ካውያ ሥር የወጣ ነው የሚመስለው። መንጋጋው ግጥም ብሏል» አለችኝ። ዘመድ ሁሉ ትኩሳት ወሰደው አለ። ትኩሳት ተብሎ ተለቀሰ፣ ትኩሳት ተብሎ ቀረ።

እኔስ ምን አልኳት? «ተይ እባክሽ፣ የልጅ እናት ሆነሽ ሟርት አታውሪ።» እንዲህ ነኝ እኔ፤ ክፉ ነገር በስሙ ከጠሩት አቤት የሚል ይመስለኛል። እሷም እሺ ብላ ተወችው፤ ሰው ሲመክራት መስማቷ ነው ጉዷ።

ልጇ አንዲት ናት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሆዷን ይዛ፣ ተጣጥፋ መጣች። ትርፍ አንጀት ነው፣ ዛሬውኑ ይውጣ ተባለ። ሰመመን ሰጪው ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ሰው አክባሪ ወጣት ነው።

«እትዬ፣ ከቤተሰብዎ በማደንዘዣ ወይም በቀዶ ሕክምና ጉዳት የደረሰበት ሰው አለ?»

ተኳሿ ወደ እኔ ዞረች። ልትናገር እንደሆነ ገብቶኛል። ልጅቱ አልጋው ላይ ሆና ትሰማለች፤ ዓይኗ እናቷ ላይ ነው። እኔ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። ትንሽ ነው፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው።

«የለም» አለች። ከዚያ ልቧ አላርፍ ብሏት ነው መሰለኝ «ወንድሜ ሞቷል፤ እሱን ግን ትኩሳት ነው» ብላ ጨመረች።

«ነፍስ ይማር» አለና «የለም» ብሎ ጻፈ።

ልጅቱን ይዘዋት ሲገቡ እኛ ወደ ሥራችን ወረድን። ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንላትም፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ልቤ ሥራ ያገኛል ትላለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስልኩ ጮኸ፤ አነሳሁት።

«ያላችሁን ፎጣ ሁሉ ቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ ወደ ቀዶ ክፍል። በረዶም ካገኛችሁ። የአንዲት ልጅ ትኩሳት አልወርድ ብሏል፤ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ይሆናል።»

«ምን አሉሽ?» አለች ተኳሿ።

መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ፎጣ አልኳት። ትኩሳት አልኳት። ካውያዋን አንሶላው ላይ እንዳስቀመጠችው ወጣች። ካውያ ጥላ ስትሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ጨርቁ ሲያር ሸቶኝ ነው ሶኬቱን የነቀልኩት።

ፎጣውን በባልዲ ተሸክሜ ስደርስ በሩን በመዳፏ እየመታች ነበር። ሰመመን ሰጪው ብቅ አለ፤ ላብ በላብ ሆኗል። ድምጿን አላነሳችም።

«ስማኝ ልጄ፣ ደብቄሃለሁ። ወንድሜን ትኩሳቱ የያዘው ለቶንሲል አስተኝተውት ሳለ ነው። መንጋጋው ተቆልፎ ነበር። አባቴም ለእግሩ አስተኝተውት ነው የቀረው።»

የወጣቱ ፊት አመድ መሰለ። «እኔም እኮ አፏን መክፈት አቅቶኝ ነበር» አለ ለራሱ። ሮጦ ገባና የማደንዘዣውን ጋዝ ዝጉ ሲል ሰማነው።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት በሆስፒታሉ አልነበረም፤ መኪና ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከ። እኛ ፎጣ እየነከርን እናቀብላለን፤ የሚመለሰው ፎጣ ትኩስ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ የሰው በሽታ ነው ያስደበቅሁት። ባልዲው ላይ አጎንብሼ፣ ይቺ ልጅ ከሞተች ገዳይዋ እኔ ነኝ እያልኩ ፎጣ እጨምቃለሁ።

ተረፈች። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። እግሯ ግን እስከ ዛሬ ይከዳታል፤ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትይዛለች። ሰመመን ሰጪው በደም የሚወረስ ነው አለን፤ የሚቀሰቅሰው የሚያስተኛው ጋዝ ነው፣ ቀድሞ ከተነገረ ሌላ ዓይነት ማደንዘዣ አለ። «እርስዎም ሳይኖርብዎ አይቀርም፣ እትዬ። ልጅዎ አንድ ቀን ራሷን ስታ ብትመጣ ማን ይናገርላታል?»

በማግስቱ ተኳሿ የልጅቱን ቀሚሶች አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ከመረች። «በቀይ ክር ጻፊበት» አለችኝ። አንገቱ ላይ በውስጥ በኩል ሰፋሁ፦ የሚያስተኛ ጋዝ አትስጡኝ፣ ይገድለኛል። እሷ እየተቀበለች ትተኩሳለች፤ ቀዩን ክር አሁን በሙሉ መዳፏ ትዳብሰዋለች። ተኳሽ ነኝ የሚለውን ቀልድ ግን ተወችው። ስለዚያ የራስ መነቅነቅም አንድ ቀን አላነሳችብኝ። የረሳችው መስሎኝ ነበር።

ትናንት የራሷን ካፖርት ይዛ መጣች።

«የእኔን ጎላ አድርገሽ ስፊው» አለችኝ። «ራሱን የሚነቀንቅ ሰው እንኳ እንዲያነበው።»

መርፌውን አነሳሁ። ክሩ በቀዳዳው አልገባ አለኝ። ከእጄ ተቀበለችና አስገብታ ሰጠችኝ።