ከደጀ ሰላሙ ግንብ ጀርባ

የሥራ ምደባ እጣ ፍኖተ ሰላም ጣለኝ። በከተማው ሆስፒታል ውስጥ የተጎዳ አካል የሚያፍታታ ፊዚዮቴራፒስት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በተከራየሁበት ግቢም ተከራይዋ እኔ ብቻ። ስሜን የሚጠራው የአንድ ለአምስቱ ጠርናፊ ነበር፣ ያውም ስብሰባ ስቀር። ስለዚህ የቀድሞ አስተማሪዬ ከባሕር ዳር መጥቶ ለጥናት የሚሆን፣ ዓይን ላይ የሚታሰር መነጽርና ዙሪያውን የሚቀርጽ ካሜራ ሲሰጠኝ፣ ደስ ያለኝ በሳይንሱ አልነበረም። ብቸኝነቴን የሚያስረሳኝ ሥራ በማግኘቴ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በሽተኛው መነጽሩን ሲያጠልቅ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለዋል፤ ልቡ እዚያ ሲሄድ ሕመሙ ይቀልለታል።

የመጀመሪያው በሽተኛዬ ከማንኩሳ በኩል የመጡ የቅኔ መምህር ነበሩ። ጎጆአቸው ሲቃጠል መጻሕፍቱን ላውጣ ብለው ቀኝ እጃቸውን እሳት በልቷቸዋል። ጣቶቻቸውን በየቀኑ ካላፍታታኋቸው ተኮማትረው ሊቀሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብዕር መያዝ የለም። እሳቸው ግን ገና ስነካቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ።

መነጽሩ ውስጥ የነበረው የፈረንጅ የባሕር ፊልም ነው። ተስፋ አድርጌ አጠለቅኩላቸው።

"ልጄ፣ ጾም ነው። ዓሣውን ከፊቴ አንሽልኝ" አሉኝ።

እሑድ ወደ አጥቢያቸው ሄጄ፣ አስተዳዳሪውን አስፈቅጄ ቅኔ ማኅሌቱን ቀረጽኩ። ሰኞ በኩራት ሳሳያቸው በደህና እጃቸው መነጽሩን ገፈተሩት።

"ምነው ልጄ! ደም እየፈሰሰኝ ቤተ መቅደስ ታስገቢኛለሽ?"

"የኔታ፣ ፊልም እኮ ነው።"

"እግሬማ አልገባም። ልብዎ ይሄዳል ያልሽኝ ግን አንቺው አይደለሽም?"

ተናደድኩ፤ ይበልጥ ያናደደኝ ልክ መሆናቸው ነው። እኔ ራሴ በወር አበባዬ ጊዜ ከደጀ ሰላም የማላልፍ ሴት፣ ይሄ እንዴት ጠፋኝ?

በሳምንቱ ተመልሼ ካሜራውን ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ መግባት የማይችል ሰው በሚቆምበት ቦታ ተከልኩት። ዙሪያውን ስለሚያይ እንዳልገባበት ብዬ ከግንቡ ጀርባ ተቀመጥኩ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ እየተሳሳመ ወጣ። ያን ሁሉ ሰላምታ ሰማሁ፤ አንዱም የእኔ አልነበረም።

በማግስቱ የኔታ መነጽሩን አጥልቀው አንገታቸውን ደፍተው ተሳለሙ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጋሁ። እንዳመማቸው ከትንፋሻቸው ያስታውቃል፤ እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም። አምስቱም ተዘረጉ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም።

እሳቸው አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ እያዞሩ አንድ ነገር ይፈልጋሉ።

"ምን ጠፋብዎ፣ የኔታ?"

"ሁሉንም አየኋቸው፤ አንቺን አጣሁሽ። የት ቆመሽ ነው?"

"እንዳልታይ ከግንቡ ጀርባ ነበርኩ።"



"እዚያም ብቻሽን?"

እንባዬ ቀደመኝ። መነጽሩን ስላላወለቁ አላዩኝም። ያ የዘረጋሁት እጃቸው ግን ቀስ ብሎ ጣቶቼን ጨበጠ።