አባቴ ሳይተኛ የታከመበት ቀን

አባቴ ቡአውን ለስንት ዓመት እንደደበቀኝ አላውቅም። እናቴ ካረፈች በኋላ ሲናና ውስጥ ስንዴውን እያረሰ ብቻውን ይኖር ነበር፤ እኔ ሮቤ አስተምራለሁ። አንድ ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ ብሽሽቱን በጨርቅ ጠፍሮ፣ ግድግዳ ይዞ ሲራመድ ደረስኩበት።

ጎባ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ከሌላ ክልል የመጣ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ ወጣት ነበር። ደረቱን ደጋግሞ አዳመጠና፣ "ልባቸው ደካማ ነው፤ አስምም አለባቸው። ሙሉ ማደንዘዣ አልሰጣቸውም። ቦታውን ብቻ አደንዝዤ እሠራለሁ። አይተኙም፤ እንዲያውም እያወሩ ቢቆዩልኝ ደስ ይለኛል" አለኝ።

አባቴ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል፤ ሲጨንቀው ግን የሚመጣለት ኦሮምኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋውን አልብሰው እንዳስተረጉም ራስጌው አቆሙኝ። ደረቱ ላይ መጋረጃ ባይዘረጋ ኖሮ እፍረቱ አያስገባኝም ነበር።

መርፌው ሲገባ "ያ ረቢ!" ብሎ እጄን ጨበጠ።

"አባ፣ አውራኝ" አልኩት በኦሮምኛ።

እጄን ሳይለቅ፣ "ይሄ ነገር የጀመረኝ አንቺ የተወለድሽ ዕለት ነው" አለ። "እናትሽ ምጥ ጠናባት። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት መኪና አይገባም። ሰው እስኪሰበሰብ መጠበቅ አቃተኝ፤ አዝያት ወጣሁ። ወንዙን ስሻገር ታች ሆዴ ላይ የሆነ ነገር ቷ ሲል ተሰማኝ። ግን አላወረድኳትም።"

"ነግረሃት ነበር?"

"ብነግራት ዳግም ጆንያ እንዳነሳ ትፈቅድልኛለች?"

ሐኪሙ ከመጋረጃው ማዶ፣ "ምን አሉ? አመማቸው?" አለ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝና፣ በአማርኛ፣ "ዶክተር፣ እኔ ደህና ነኝ። የምታለቅሰው እሷ ናት" አለው። ነርሷ ሳቀች፤ ሐኪሙም ሳቀ፤ እኔም እንባዬን በትከሻዬ ጠረግኩ።

ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ቁስሉ ተሰፍቶ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጣ። በማግስቱ በሚኒባስ ሮቤ እኔ ቤት አመጣሁት፤ ቁስሉ እስኪጠግግ ማጎንበስ ተከልክሎ ስለነበር ጫማውን የማስርለት እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን እግሩን ሰብስቦ "ተይ፣ ነውር ነው" አለኝ። ሁለተኛው ቀን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በሦስተኛው ቀን ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሳልጠይቀው እግሩን ዘረጋልኝ።