አንድ መስመር ስለ እማማ አንጓች

ባለፈው ሳምንት ይበልጣል በስልኬ ሊንክ ላከልኝ። ከስሩ «ሙሉ፣ እማዬ ያለችበትን ቦታ ከፊልሙ ቆርጬ ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት። አራት ደቂቃ ናት። ገብተሽ አንድ መስመር ጻፊበት» ይላል። እናቱ እማማ አንጓች ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ልጅየው ፎቶ ቤት አለው፤ ግን እናቱ ሲንቀሳቀሱ የሚያሳይ ምስል ቢፈልግ ከዚያ ከጥንቱ ፊልም በቀር አላገኘም። ዕድሜውን የሰው ሰርግ ሲቀርጽ ነው የኖረው።

አንድ መስመር ጻፊ ማለት ለሌላው ሰው ቀላል ነው። «ነፍስ ይማር» ብሎ መውጣት ነው፤ ሌሎቹም እንደዚያው አድርገዋል፤ አንዳንዱ ሻማ ለጥፏል። እኔ ግን ስለ እማማ አንጓች ከዚህ በፊት አንድ መስመር ጽፌያለሁ። ይበልጣል ይህን አያውቅም። ሃያ ዓመት አለፈው። እዚሁ ደብረ ማርቆስ በየሳምንቱ እየተገናኘን፣ ሻይ እየተገባበዝን፣ አንድም ቀን አልነገርኩትም።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ቪዲዮ ቤት ነበር የምገባው። አቶ ኑሩ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን መጋዘን አግዳሚ ወንበር ደርድረው፣ መስኮቱን በጥቁር አቡጀዲ ጋርደው ቪዲዮ ቤት አድርገውት ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የፊልሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ያኔ ሰዎቹ ምን እንደሚባባሉ እርስ በርሳችን እንገምታለን። ግምታችን ከፊልሙ የሚሻልበት ቀን ብዙ ነበር። ሴት ልጅ ብቻዋን ቪዲዮ ቤት ገባች ማለት በእኛ ከተማ ወሬ ነው። አቶ ኑሩ ግን በሩ አጠገብ በርጩማ አስቀመጡልኝና «እዚህ የተቀመጠች የኔ እንግዳ ናት» አሉ፤ በዚያው አለቀ።

አዲስ አበባ የሚታተም አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበር። በመጨረሻው ገጹ ጠባብ ዓምድ ነበረችው። ሰባት ስምንት ፊልም ይደረደርባትና እያንዳንዱ በአንድ መስመር ይፈረድበታል። ካራቴው፣ የህንዱ፣ የጦርነቱ፣ የአማርኛው፣ ብዙ የተለፋበትም ያልተለፋበትም እኩል አንድ መስመር ነው የሚደርሰው። አንድ ቀን በመሥሪያ ቤቱ ታይፕ ስለ አምስት ፊልም አምስት መስመር መትቼ በፖስታ ላክሁ። አወጡት። ከዚያ ወዲያ ዓምዷ የኔ ሆና ቀረች። ስሜን አልጻፍኩም፤ «ተመልካች» ነበር የምለው።

የጻፍኳቸው አንዳንዶቹ አሁንም ትዝ ይሉኛል። ስለ ህንዱ፦ «ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለቱ ዘፈን ነው።» ስለ ካራቴው፦ «ታሪኩ የጠፋባቸው ጊዜ ይማታሉ።» ስለ ጦርነቱ፦ «ብዙ ሰው ይሞታል፤ አንዱም አያሳዝንም።» የመንፈስ ፊልም ነበረ፦ «በሩ ሲጥጥ ሲል ያስፈራል፤ ሰዎቹ ሲናገሩ ያስቃል።» ስለ አንድ የአማርኛ የፍቅር ፊልም ደግሞ «ልጅቷ ቆንጆ ናት» ብዬ ተውኩት። ደስ ያለኝ ሲገኝ «ይታይ» ብቻ እላለሁ፤ እሱም ከስንት አንዴ ነው። ጋዜጣው በአውቶብስ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። ሰው ተመልካች የሚባለውን መነጽር ያደረገ የአዲስ አበባ ምሁር አድርጎ ነበር የሚያስበው። አቶ ኑሩ ካሴት ከማስመጣታቸው በፊት «ተመልካች ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ያውም እኔን።

ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ያደረገኝ ሐዘን ነው፤ ሐዘንም ከተባለ። አባቴ የሞተው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነበር። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሚታየው ሟቹ ብቻ አይደለም። ያለቀሰው፣ ያላለቀሰው፣ ደረቱን የደቃው፣ አፉን ሸፍኖ ያጉረመረመው ሁሉ ይታያል፤ ፍርዱም ለቀስተኛው ቤቱ ሳይደርስ ያልቃል። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆሜ ነበር። እንባ የሚባል አልመጣም። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ምነው፣ ማልቀስ አትችልም እንዴ ይህቺ ልጅ?» ስትል ሰማሁ። በሠልስቱም አልመጣም፣ በአርባውም አልመጣም። አባቴን እወደው ነበር፤ ይህን ማንም እንዲያምነኝ አልጠይቅም። ጥርስ ሊነቀል ሲል ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ ሆንኩ። ሲነኩት እንዳለ ይታወቃል፤ ሌላ ምንም የለም። እንዲህ ሆኖ ፊልም ማየት ይመቻል፣ እውነቴን ነው።

ይበልጣል ያን ጊዜ ሰርግ ቀራጭ ነበር፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። በዚያችው በሰርግ ካሜራው አገሩ ይጁቤ አጠገብ ፊልም ሠራ። ርዕሱን ተዉት፤ ረጅም ነበር። ታሪኩ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በወባ ስለሞተ ጎረምሳ ነው። ፈጠራ አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሙ ደረጀ እንዲሁ ሄዶ ቀርቷል። እዚያው ተቀበረ፤ እማማ አንጓች አስከሬኑን አላዩም፤ ለቅሶው የተለቀሰው በጋቢው ላይ ነው። በፊልሙ ግን አስከሬኑ አገሩ ይገባል። ይበልጣል እንደዚያ እንዲሆን ፈለገ። እናት ሆና ልትጫወት የተስማማችው ሴት በቀረጻው ቀን ቀረች። «እማዬ፣ በቃ አንቺ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጪ» አላቸው። ተቀመጡ።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሳላውቅ ነው እንዳልል፣ እያንዳንዷን ነግሮኛል።

ፊልሙ አቶ ኑሩ ቤት እሑድ ከቀትር በኋላ ታየ። ከይጁቤ ሳይቀር ሰው መጥቶ ነበር። ቤታቸውን፣ አጥራቸውን፣ በሬያቸውን ሲያዩ እያጨበጨቡ ነው። ወደ ማብቂያው ላይ አስከሬኑ ይገባል። አስከሬን ሆኖ የተኛው የከተማችን ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሐል የእግሩ አውራ ጣት ተነቃነቀች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እማማ አንጓች ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አያለቅሱም፣ አይናገሩም። እኔ ጣቷ ደግማ ትነቃነቅ እንደሆነ ነበር የማየው።

ስንወጣ ይበልጣል በሩ ላይ ቆሞ የቤቱን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ጠበቀኝ።

«ካሴቱን ለጋዜጣው ልኬዋለሁ» አለኝ። «አንድ የካሴት አከፋፋይ ተመልካች ይታይ ካለው እወስደዋለሁ ብሎኛል። ምን የሚል ይመስልሻል?»

«እኔ በምን አውቃለሁ» አልኩት።

ዝም ማለት እችል ነበር። «ይታይ» ብዬ ብልክም ሰማይ አይደፋም ነበር። ግን ለጓደኛው የሚያዳላ ምን ተመልካች ነው አልኩ። ትዕቢት ነው፤ ያን ጊዜ ሐቀኝነት ነበር የምለው። ሰኞ በሻይ ሰዓት መታሁት፦ «ካሜራው አሁንም ሰርግ ቤት ያለ ይመስለዋል፤ እናትየዋ ማልቀስ አትችልም።» ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር ትንሽ መርዘሙ ነው።

ጋዜጣው የደረሰ ቀን ይበልጣል መናኸሪያው ላይ ቆሞ አነበበው። አጠፈው፤ ኪሱ ከተተው። «ቅዳሜ አብረሽኝ ይጁቤ ሂጂ» አለኝ። «እማዬ ጋዜጣው መጣ ወይ እያለች ሰው ሁሉ እየላከችብኝ ነው። ብቻዬን አልችላትም።»

ጥቅምት ነበር። ኑጉ አብቦ መንገዱ ግራና ቀኙ ቢጫ ነው፤ ጠዋቱ ግን አጥንት ይሰብራል። በጭነት መኪና ጋቢና ሦስት ሆነን ተጣበን ሄድን። እኔ የሚሰማኝን ነገር እየጠበቅሁ ነበር፤ ጸጸት ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን። የተሰማኝ የእግሬ ብርድ ነው።

እማማ አንጓች ገበያው ዳር፣ ግራር ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ከቤታቸው ቀቅለው በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡትን ድንች ፈቱልን፤ ገና ይፋጃል። ሚጥሚጣውን በትንሽ ቅል ይዘውታል።

«መጣ?» አሉ።

«መጣ» አለ ይበልጣል። «ጥሩ ነው እማዬ። አገሩ ያምራል ይላል።»

አዩት፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ሙሉዬ፣ እስቲ አንቺ አንብቢልኝ። ይሄ ሲዋሽ ሆዴ ያውቀዋል።»

ጋዜጣውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ። የፈለግሁትን ማንበብ እችል ነበር፤ ፊደል አያውቁም። እንዳለ አነበብኩት። «እናትየዋ ማልቀስ አትችልም» የሚለው ላይ ስደርስ የሴትዮዋን ድምፅ ሰማሁ፤ ያቺን በአባቴ ቀብር ከኋላዬ የነበረችውን። የሷን ቃል ነበር የጻፍኩት። ስመታው አልታወቀኝም ነበር።

እማማ አንጓች አንድ ድንች ልጠው ጨረሱ።

«አትችልም ነው ያለው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እውነቱን ነው» አሉ። «ደረጀ ከሞተ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ በርቺ፣ ጠንካራ ነሽ ይለኛል። የጠነከርሁ መስሏቸው። ደርቄ እንጂ። አልመጣልኝም፣ ምን ላድርግ። ይኸው፣ አገሬን የማያውቅ ሰውዬ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ አየኝ። ማነው ስሙ?»

«ተመልካች።»

«እግዜር ይስጠው። ምናልባት ብታገኚው ንገሪልኝ።» የላጡትን ድንች በእጄ ላይ አኖሩት። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

በላሁ። ምስጋናው የኔ እንዳልነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው ያየኝ አለ አሉ፤ እኔ ያየሁት የፀጉር አስተካካዩን አውራ ጣት ነው። ከከተማው ሰው ሁሉ ተለይቼ እንባ ሲደርቅ እንዴት እንደሆነ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ልናገር ብል አፌ ድንች ነበረበት፤ በኋላ ደግሞ ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ መጻፌን የተውኩ እንዳይመስላችሁ። ጋዜጣው ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ስለ ብዙ ፊልም ብዙ መስመር ጻፍኩ። አከፋፋዩ የውሃ ሽታ ሆነ። ይበልጣል ሁለተኛ ፊልም አልሠራም፤ ወደ ሰርጉ ተመለሰ፤ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ወለደ፣ ከበደ። «ያቺ መስመር ባትኖር ኖሮ» ብሎ አያውቅም። ቢል ይቀለኝ ነበር።

በእማማ አንጓች ቀብር ላይ ይጁቤ ሄጄ ነበር። አላለቀስኩም። አሁን ጸጉሬ ስለሸበተ ማንም ዓይኔን አይመረምርም፤ ዕድሜ ያመጣልኝ ነፃነት ይህቺ ናት።

ሊንኩን ሦስት ቀን ሳልከፍተው ቆየሁ። ዛሬ ከምሳ በኋላ መነጽሬን አድርጌ ከፈትኩት። ምስሉ ደብዝዟል፤ ካሜራው አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሳቁ በፊልሙ ውስጥ የለም፤ የኛ ሳቅ አቶ ኑሩ ቤት ቀርቷል። እማማ አንጓች ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ያቺ የፀጉር አስተካካዩ አውራ ጣት ተነቃነቀች። እዚህ ላይ ነበር ሁላችንም የሳቅነው። ያኔ እጃቸው ይነሳል። ከራሳቸው ነጠላውን አውልቀው የልጁን እግር ይሸፍናሉ። ጫፉን ከተረከዙ ሥር ያስገባሉ፤ ደግሞ ያዩታል፤ ሌላውንም ጎን ያስገባሉ። ይበልጣል አድርጊ ያላቸው ነገር እንዳልሆነ ያስታውቃል፤ ካሜራው ወደ ፊታቸው ነው የሚሄደው፣ እጃቸውን ሊስተው ምንም አልቀረውም።

አራት ጊዜ አየሁት። እንባ አልመጣም፤ ይመጣል ብዬም አልጠበቅሁ። ግን ከሃያ ዓመት በኋላም ቢሆን ሙሉውን አየሁት። አንድ ሰው በአንድ መስመር አያልቅም ልል ፈልጌ ነበር፤ እውነቱ ግን መስመሩ አልነበረም ያጠፋው፣ ሳላይ መጻፌ ነው።

ከሻማዎቹ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እጃቸውን እዩ፤ እግሩ እንዳይበርደው እየሸፈኑለት ነው።»

ከዚያ «ሙሉ» ብዬ ልፈርም ጀመርኩና አጠፋሁት። «ተመልካች» ብዬ ጻፍኩ፤ ላክሁት።