ቀዮቹ ችግኞች

አክስቴ በችግኝ ጣቢያ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «የውርጭ እናት» ይሏታል፤ ውርጭ የሚወርድበትን ቀን ከሰማዩ ቀድማ ታውቃለች እያሉ ያሾፋሉ። እሷ ቅጽል ስሙን ትወደዋለች። እኔ ግን የአምናውን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሥራዋ ችግኝን ብርድ ማለማመድ ነው። ችግኞቹ በሚተከሉበት ላይኛው ኮረብታ ላይ ውርጭ አይቀሬ ስለሆነ፣ ተከላው ስድስት ሳምንት ሲቀረው ችግኞቹን ከላስቲክ ቤቱ ታወጣቸዋለች። መጀመሪያ ለጥቂት ሰዓት፣ ኋላ ቀኑን ሙሉ፣ በመጨረሻ ሌሊቱንም ጭምር። ውሃ ትቀንስባቸዋለች፤ ማዳበሪያ ትከለክላቸዋለች። ያን ጊዜ ማደጋቸውን ያቆማሉ፤ ቅጠላቸው ይጠነክራል፣ ቀይ ይሆናል።

«ውሃ የጠገበ ቅጠል ውስጡ በረዶ ይሠራና ይቀደዳል» ትለኛለች። «የተቆነጠጠው ግን ስኳሩን ያጠራቅማል። ስኳር ያለበት ውሃ ደግሞ ቶሎ በረዶ አይሆንም።»

አምና ታዲያ ጫማው ጭቃ ነክቶ የማያውቅ አዲስ ኃላፊ መጣ። እንግዶች ሊጎበኙ ሦስት ሳምንት ሲቀር የችግኝ መደቦቹን አየና ጮኸ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቀይ? ውሃ አታጠጪም እንዴ አንቺ?»

የእናቱን እኩያ «አንቺ» ይላል፣ አፉን ሞልቶ!

«ጌታዬ፣ ሆን ብዬ ነው። ብርድ እየለመዱ ነው፤ እባክዎ አይንኩብኝ።»

«ስንፍናሽን ሙያ ልታደርጊብኝ ነው?»

ዐሥራ ሁለት ሺህ ችግኝ ወደ ላስቲክ ቤት ተመለሰ። ውሃው በላይ በላዩ፣ ማዳበሪያው በገፍ። እሷን መጥረጊያ አስይዞ ግቢ አስጠረጋት። ቦታ ስለጠበበ ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ያለው አንድ መደብ ብቻ ውጭ ቀረ። በዚያ ባለፈች ቁጥር ጎንበስ ብላ ታየው ነበር።

እንግዶቹ ለምለሙን አይተው አጨበጨቡ። በሳምንቱ ሁሉም ኮረብታው ላይ ተተከለ፤ ያ ቀይ መደብም ዳር ዳሩን እንዲሞላ አብሮ ሄደ። በአራተኛው ቀን ውርጩ ወረደ።

ጠዋት አብሬያት ወጣሁ። ለምለሙ ሁሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሮ ተኝቷል። አክስቴ ተንበርክካ አንዱን ስትነካው እጇ ላይ ተልፈስፍሶ ቀረ። እሷ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ በንዴት። ዳር ላይ ያሉት ቀዮቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ኃላፊው እያለከለከ ደረሰ። የሞቱትን እየተራመደ አልፎ ቀዮቹን በስልኩ ፎቶ አነሳ።

«ብርድ የሚችል ዝርያ ነበረሽና ነው ዝም ያልሽው? ዘሩን ከየት አመጣሽው? ለበላይ ማሳወቅ አለብኝ።»

አክስቴ ከጉልበቷ አፈሩን አራግፋ ተነሣች። በሃያ ሰባት ዓመት አንድንም አለቃ «አንተ» ብላ አታውቅም።

«ከዚያው ከአንዱ ጆንያ ነው» አለችው። «ከገደልካቸው ጋር በአንድ ቀን ነው የዘራሁት።»