እናቴ ዘንድ ያለው ቁራጭ

ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት አጠገብ፣ ትንሽ የፎቶና ቪዲዮ ቤት አለኝ። የአገሩን ሁሉ ሠርግ ሳስቀምጥ ኖሬ የገዛ እህቴን ሠርግ ማስቀመጥ ያቃተኝ ሰው ነኝ።

እህቴ ባገባች በዓመቷ በወሊድ ሞተች። ሳቋና ድምጿ የቀሩት በሠርጓ ቪዲዮ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሬ መታመም ሲጀምር ቪዲዮውን ወደ ፍላሽ ላሸጋግር ብል፣ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው» እያለ መለሰኝ። ለካ ከአራት ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፎርማቱን ብቀይረው ይቀበል እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያኔ ግን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ቪዲዮውን ዚፕ አድርጌ አንድ ላይ አምቄ አምስት ቦታ ቆራረጥኩትና በአምስት ፍላሽ ከፋፈልኩት።

እኛ ፎገራዎች ክረምት ሲመጣ እህላችንን አንድ ቤት አናከማችም። ውሃው ሜዳውን ሲያለብሰው ሁሉንም ጠራርጎ እንዳይወስድ ከፊሉን ደጋ ላለ ዘመድ እንልካለን። እኔም ፍላሾቹን እንደ እህል በተንኳቸው፤ ሁለቱን ሱቄ፣ ሁለቱን ደጋ አክስቴ ዘንድ። ሦስተኛውን እናቴ «ልጄን እኔው ዘንድ አኑርልኝ» ብላ ወሰደችው። ሁለት ሁለት ቅጂ ማድረግ ነበረብኝ። ስንፍና ያዘኝ።

ኮምፒውተሩ ሞተ። በዚያው ክረምት ውሃው እናቴ ቤት ገባ። ፍላሹን ከረጠበው ሩዝ ጋር ፀሐይ ላይ አስጥታ አደረቀችው። ሱቅ ወስጄ ብሰካው አልከፈት አለ። አራቱን ሰብስቤ ልክፈት ብል አዲሱ ኮምፒውተር ሦስተኛውን አምጣ ይለኛል፤ ለካ የታመቀ ፋይል ቁራጮቹ ሁሉ ካልተገጣጠሙ አይከፈትም፤ ያለ እሱ ፊቷ ቀርቶ ጥላዋንም አያሳይም። ራሴን ጠላሁት።

ፍላሹን ስመልስላት «ታየች?» አለችኝ። እውነቱን ብነግራት ልጇ በእሷ እጅ ሁለተኛ የሞተች ይመስላታል።

«ያንቺው ደህና ነው እማዬ። የጠፋው እኔ ዘንድ የነበረው ነው።»

«በቀሩት አታሳየኝም ታዲያ? ሩዝ እኮ አንዱ ማዳበሪያ ቢበሰብስ ሌላው ይበላል።»

«እንደ እህል አይደለም» አልኳት። አልገባትም። እኔም ብሆን የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሁን በሄድኩ ቁጥር ፍላሹን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ታሳየኛለች።

«የኔው ይኸው እንደተቀመጠ ነው። ያንተን አገኘኸው?»

«እየፈለግሁ ነው» እላታለሁ።

ባለፈው ሳምንት መልሳ ቋጠረችውና «ቶሎ ፈልግ እንጂ ልጄ» አለችኝ፤ «ዓይኔ ሳይጠፋ።»